ከኮንጎ የመጣው ወጥ ቤት

አዳማ፣ ግንቦት ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት

ውድ እትዬ ሸዋወርቅ፣

የእርስዎን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የዚያችን ተራጋጭ ላም ጤና ሳይቀር ጠይቄያለሁና ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ብዬ ወደ ጠባችን ልግባ። እኔ ደኅና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ ደኅና ነኝ። ከሁሩታ እህል ይዞ የመጣው ሰው መልእክትዎን የነገረኝ ገበያ መሐል ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። «እትዬሽ፣ ‹ሰው በላ ልታገባ ነው አሉ፤ እኔ በቁሜ ይህ አይሆንም› ብለዋል» አለኝ። እሰይ! በርበሬ ሻጮቹ ሁሉ መስፈሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ ቤቴ ምሳ ሊበላ የሚመጣው ሁሉ የሚመጣው እኔን ለማየት ነው።

እንግዲህ ስለ እሱ ከሰው አፍ ከሚሰሙ ከእኔው ይስሙ። አባባ ፊደል አስቆጥረው ዳዊት ያስደገሙኝ ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤውን የሚያነቡልዎ መሪጌታ ሙሉብርሃን እንደሆኑ አውቃለሁ። መሪጌታ፣ እባክዎ ሳይዘሉ ያንብቡ፤ ሳቅ ካማረዎም እስኪጨርሱ ይታገሡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ኢሎንጋ ይባላል፤ የአዳማ ሰው ግን በአገሩ ስም ኮንጎ እያለ ነው የሚጠራው። ሊያገባኝ ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ወደ እርስዎ ይልካል። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና እሺ ካላሉ አላገባውም፤ ይህንንም ምዬ ነግሬዋለሁ። ካላገባሁት ደግሞ ክረምት ሳይገባ በባቡር ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያ በመርከብ ወደ አገሩ። ወደዚህ ያመጣው ፈረንጅ መሳፈሪያውን ልኮለታል። ስለዚህ አሁን የምጽፍልዎ ለወሬ አይደለም።

ፈረንጁ በአቦምሳ በኩል ቡና ሊያለማ የመጣ የቤልጅክ ሰው ነበር። ኮንጎን የሚገዙት እነሱ ናቸው። ኢሎንጋ እዚያ ወጥ ቤቱ ኖሮ፣ ፈረንጁ ወደ እኛ ሲመጣ ከድስቱና ከመጥበሻው ጋር አሳፍሮ አመጣው። ቆይቶ ፈረንጁ ወባ ጠናበትና አገሩ ገባ፤ ኢሎንጋ ግን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ከግሪኩ ሆቴል ተቀጥሮ ቀረ። የእኔ ምግብ ቤት ከሆቴሉ ጀርባ እንደሆነ ያውቃሉ። በመሐላችን ያለው የእንጨት አጥር ብቻ ነው።

አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ፊቱ ብቅ አለና «ሙቀጫ አውሺኝ» አለኝ። ወንድ ልጅ፣ ሙቀጫ!

«ምን ልትወቅጥበት?»

«ኦቾሎኒ።»

ከሐረርጌ በባቡር የመጣ ኦቾሎኒ በከረጢት ይዟል። እኔን ደግሞ ያውቁኛል፤ ነገሩን በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሙቀጫውን አላዋስኩትም፤ እዚሁ ገብተህ ወቅጥ አልኩት። ማጀት ገባ። እጅጌውን ሰበሰበና ኦቾሎኒውን ቆልቶ፣ ዘይቱ እስኪወጣ ወቀጠው። ዶሮም ይዞ መጥቶ ነበር። ያረዳት ክርስቲያን ነው፤ ሳይጠይቁኝ አስቀድሜ ልንገርዎ።

ከዚያ ያደረገውን ቢያዩ! ብልት ማውጣት ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ከአሥራ ሁለቱ ብልት አንዱን ባበላሽ ምን ይሉኝ ነበር? እሱ ገጀራ አነሣና ከነአጥንቷ እንደ ማገዶ ፈለጣት። ጮህኩ፤ በእውነት ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ደንግጦ።

«ፈረሰኛው የቱ ነው? መላላጫው የት ገባ? አሁን ለአባወራው የምታወጣለት ምኑን ነው?»

ዶሮዋን አየ፤ እኔን አየ። «ሁሉም ዶሮ ነው» አለ።

ኦቾሎኒውን በጥብጦ ጨመረበት፤ ሽንኩርትና ቃሪያም አገባ፤ ወጡ ወፈረ። አገሩ ሲሆን ከዘንባባ ፍሬ በሚወጣ ቀይ ዘይት ነው የሚሠሩት፤ ምዋምባ ይሉታል። እዚህ ዘይቱን ከየት ያምጣ? ኦቾሎኒውን የፈለገው ለዚህ ነው። ቀመስኩት። እትዬ፣ ስለ ምግብ ዋሽቼዎ አላውቅም፤ ጣቴን ነው የላስኩት። እሱ ግን ምስጋናዬን አልጠበቀም። ዓይን ዓይኔን እያየ «ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቅመም ጎድሎታል አልኩት። ምን ዓይነት? ከየት ይመጣል? በፊት ነው በኋላ የሚጨመረው? እንደኔ የሚጠይቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰው በላ ስላሉት ነገር ራሱን ጠየቅኩት። ለምን ብዬ በሆዴ እይዛለሁ? «ሰው ትበላለህ ይሉሃል፤ እውነት ነው?» አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። የአገሩ ሰዎች ደግሞ ሰው የሚበላው ፈረንጅ ነው ይላሉ አሉ። ፈረንጅ በቆርቆሮ ያሸገውን ሥጋ እየከፈተ ሲበላ ያዩ ሰዎች፣ ይሄ ሥጋ ጠፍቶብን የቀረው ወገናችን ነው ብለው ይሸሹ ነበር። እንግዲህ ማን ማንን እንደሚፈራ ይመልከቱ።

ትል ይበላል ማለታቸው ግን እውነት ነው። (መሪጌታ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።) በዝናብ ወራት ከአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ የሚለቀም ነው፤ አድርቀው በበርበሬ ይሠሩታል። ሲነግረኝ እንትፍ አልኩ። እሱም አልተቀየመኝም፤ የማይበላ ትልም እንዳለ፣ እናቱ በጠጉሩ እንደምትለየው አስረዳኝ። መጥምቁ ዮሐንስስ አንበጣ በልቶ የለ ወይ ብዬ ልከራከርዎ ነበር። መሪጌታ ግን አንበጣ የቅጠል ስም ነው ሊሉ ነው፤ ተውኩት። ለማንኛውም አዳማ ትል የለም፤ ቢኖርም በእኔ ድስት አይገባም፤ ይህንንም ተስማምተናል።

እሱስ በእኛ ያልተደነቀ መሰለዎ? በመስቀል ግራዝማች አብተው ሰንጋ ጥለው ጠሩን። ሰዉ እየቆረጠ ጥሬውን ይበላል። ኢሎንጋ በር ላይ ቆሞ አየ፣ አየ፣ ከዚያ ድንገት ወጥቶ ሮጠ። ወዴት ሄደ ስንል ከጓዳ የሚነድ ግንድ ተሸክሞ መጣና ግራዝማች እግር ሥር አስቀመጠው። እሳት ጠፍቶባቸው፣ ርኃብ ጠንቶባቸው ነው ብሎ! እኔ አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ግራዝማች ግን ነገሩ ሲገባቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አጠገባቸውም አስቀመጡት። «ይህ ሰው ለእኛ ነው የደነገጠው» እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ እስከ ዛሬ። ጥሬውን ግን እምቢ አለ፤ ጠብሰን ሰጠነው።

አሁን የእንሰቱን ልንገርዎ፤ ይህን ብዬ ብዬ አልጠግበውም። ባለፈው ዓመት ኑሬ ነጋዴው ጨው ጭኖ ወደ ሻሸመኔ ሲወርድ ኢሎንጋ አብሮት ሄዶ ነበር። በየደጁ የቆመውን እንሰት ሲያይ ሙዝ መሰለው። ኑሬ ሲያወራልኝ ሆዱን ይዞ ነው። ከበቅሎው ዘሎ ወርዶ ግንዱን አቀፈው አለ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ደጅ ተቀመጠና «ፍሬው መቼ ይደርሳል?» ሲል በኑሬ አፍ አስጠየቃት። ሴትዮዋ፣ የዚህ ፍሬው አይበላም፤ የምንበላው ግንዱንና ሥሩን ነው አለችው። አላመነም። ሙዟን የነፈገችው መስሎት አኩርፎ ቁጭ አለ።

አሳዘናትና ጓሮ ወስዳ አሳየችው። እንዴት እንደሚፋቅ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚቦካ። ጉድጓዱን ስትከፍተው ሽታው ወጣ። ኑሬ አፍንጫውን ያዘ። ኢሎንጋ ግን ተንበርክኮ አጎነበሰና እንባው ዱብ ዱብ አለ። አገሩ ካሳቫ የሚባል ሥር አለ። ጥሬውን የበላው ሰው ይታመማል። ስለዚህ እናቱ ወንዝ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ሲቦካ ወቅጣ፣ በቅጠል ጠቅልላ ትቀቅለዋለች። ክዋንጋ ነው የሚሉት፤ መንገደኛ ስንቅ ይይዘዋል፤ ቶሎ አይበላሽም። ሽታው ይኸው ራሱ ነው አለ። ሴትዮዋ ቆጮውን ጋግራ ስትሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ በላ፤ ያንን ኩርፊያውንም ረሳው።

እኔ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሰላም የለኝም። እነዚያን ሴቶች ማን ነገራቸው? እነዚህንስ? በመሐል ያ ሁሉ በረሃና ጫካ እያለ፣ የማይተዋወቁ ሴቶች እንዲያው የማይበላውን ነገር አቡክተው በቅጠል መጠቅለል እንዴት መጣላቸው? የመጀመሪያዋስ ሴት ያን የሚሸት ነገር በምን ድፍረት አፏ ውስጥ አስገባችው? የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው «አንቺ ልጅ፣ ይህን ትተሽ ስገጂ» አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ስለ ሃይማኖቱ አይጨነቁ። በፈረንጆቹ ቄስ ተጠምቋል፤ በእኛም ሥርዓት ልጠመቅ ብሏል። ሁዳዴን ከእኔ እኩል ነው የጾመው። ጎመኑን ወቅጦ በኦቾሎኒ ይሠራው ነበር፤ እነሱ የካሳቫውን ቅጠል እንዲህ ነው የሚያደርጉት። የሆቴሉ ሠራተኞች ጾማቸውን በደስታ ነው የጨረሱት።

ያስጨነቀው ሌላ ነው። ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው ዘመድ የለውም። «እናንተ ጋ ሰው ካልላከ አይሰጡትም፤ እኔ ማንን ልላክ?» ብሎ አንገቱን ደፋ። ኦቦ ሆራ ቤቴ ተቀምጠው ሲበሉ ሰሙት። የአዳማ ነገር ያለ እሳቸው እንደማይያዝ ያውቃሉ። «ዘመድ የለውም ያለው ማነው? እኔ ሞቻለሁ?» አሉና ተቆጡ። ኑሬም «እንሰት ያቀፈ ጊዜ አብሬው ነበርኩ፤ አሁንም አብሬው ነኝ» አለ። ግራዝማችማ ገና ሳይጠየቁ በቅሏቸውን አስጫኑ። እንግዲህ ኦሮሞው፣ እስላሙና አማራው ሦስቱም ለአንድ ኮንጎ ዘመድ ሆነው ይመጡልዎታል።

ዘሩ ይቆጠር እንደሚሉም ስለማውቅ አስቀድሜ ጠየቅኩት። ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ቆጠረልኝ። እትዬ፣ ከእኛ ወገን የሚገጥም አንድ ስም ካገኙበት እኔው ራሴ አላገባም!

የፊተኛው ባሌ እንደዚሁ ሰባት ቤት ተቆጥሮለት፣ ጥሎሹን አምጥቶ አልነበር? እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ደግ ሰው ነው ብለው ነው። ክፉም አልነበረም። ግን በዚያ ቤት ሳለሁ አንድ ቀን «አንቺስ በላሽ?» ብሎኝ አያውቅም። ከእሱ ጋር ሳለሁ መጠየቅ እንኳ ትቼ ነበር፤ ይታይዎ፣ እኔ! ኢሎንጋን እወደዋለሁ። በደብዳቤ መጻፉ ያሳፍራል፤ መሪጌታም እያነበቡት ነው፤ ቢሆንም እወደዋለሁ።

አሁን ወደዚህ ሁሉ ያመጣኝን ልንገርዎና ላብቃ። በቀደም ጎመን እየቀነጠስን ስለ እናቱ ሲያወራኝ ቆየና «የአንቺ እናት ምን ምግብ ነበር የምትሠራው?» አለኝ። እማዬ ስትሞት ጡት እንኳ እንዳልጣልኩ ነገርኩት። «እኅትሽ አልነገረችሽም?» አለ። አልጠየቅኳቸውም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ? አንቺ ያልጠየቅሽው ነገር አለ?»

አለ እትዬ። ልጅ ሳለሁ የእማዬን ስም ሳነሣ እርስዎ ፊትዎን አዙረው ይነሡ ነበር፤ ውኃ ሳይጎድል ውኃ ሊቀዱ ይወርዱ ነበር። ስለዚህ ተውኩት። እርስዎም ያኔ ልጅ ነበሩ፤ እኔን ታቅፈው የቀሩ ልጅ። አሁን ነው የገባኝ። የሰው አገር ምግብ አንድ በአንድ ስመረምር ኖሬ፣ እናቴ በምን እንዳሳደገችዎ አላውቅም። ሽሮዋ ቀጭን ነበር ወፍራም? ጨው ታበዛ ነበር? ለእርስዎ ለብቻዎ ደብቃ የምታስቀምጥልዎ ነገር ነበር?

ሽማግሌዎቹ በመጪው ሐሙስ ይደርሳሉ። እሱም ከኋላቸው ይቆማል። እነሱ ስለ እኔ ይለምኑዎታል፤ ያመኑበትን ይመልሱላቸው። እምቢ ቢሉ አልቀየምም፤ አለቅሳለሁ እንጂ ቃሌን አላጥፍም፤ እሱም ባቡሩን ይሳፈራል። ግን እሺም ሆነ እምቢ ከማለትዎ በፊት ኢሎንጋ አንድ ነገር ይጠይቅዎታል። እናታችሁ ምን ነበር የምትሠራው ይልዎታል። እባክዎ፣ ያን ጊዜ ተነሥተው አይሂዱ። ቁጭ ብለው ይንገሩት።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ ይህን አውቃለሁ፤ አይቆጡኝ። እኔም አብሬ እመጣለሁ። ቤት ግን አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ነው የምቆመው። ሲነግሩት ጮክ ብለው ይንገሩት፤ እኔም ልስማ።

እኅቴ ብለው የሚጠሩኝ፣ ልጅዎ
ተሻለች