«የፈረንጅ ሥራ» የተባለው ፎቶዬ

ሙሚናዬ፣

ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋሽ ኢስሐቅ የሚባሉ የካርድ ነጋዴ «ይሄን ውሰጂ ልጄ፣ የፈረንጅ ሥራ ነው!» ብለው የራሴን ፎቶ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ካርዱን ገልብጠሽ እዪው፤ አምና በማለዳ ሐይቃችን ዳር ያነሳሁት ነው። ጥግ ላይ የምትታየው ቀይ ጃንጥላ ያንቺ ናት። አንድ ማተሚያ ቤት ከብሎጌ ላይ ወስዶ፣ ከታች የነበረውን ስሜን ቆርጦ አትሞታል።

መርካቶ የመጣሁት ብሎጌ አምስት ዓመት ስለሞላው ለአንባቢዎቼ የምልከው ካርድ ልገዛ ነበር። «ፈረንጇ እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸውና ፎቶውን ከነስሜ በስልኬ አሳየኋቸው። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«በይ እንግዲህ፣ ቁጭ በይና ስምሽን ጻፊበት!» ብለው ዱካና እስክሪብቶ ሰጡኝ። በቀሩት ካርዶች ጀርባ ላይ ስሜን ስጽፍ እሳቸው «ያነሳችው ልጅ ፊርማ ያለበት!» እያሉ ይጣራሉ። ዋጋውንም ወዲያው ጨመሩበት፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኛ ጋ ሻጭ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይጠይቃል፤ እዚህ ስንት ደርዘን እንደምትወስጂ ነው።

ቦታው እያለቀብኝ ነው። እትዬ ከድጃን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ያንቺ ናፍቆትማ አይጻፍም። የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ይዣለሁ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። «ሥራሽ መታየቱ አይበቃሽም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይበቃኝም። ከእንግዲህ ስሜን ቆርጦ ሥራዬን የሚወስድ ሰው አድናቆት አልቀበልም።

አፍራ