ያልታጠበው ሻሽ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት

አቤቱታ አለኝ፣ ደብተሬ። የእንግዳ ወንበሬ ተወረሰ። እንግዳ ባይመጣም እግሬን የማሳርፈው እሱ ላይ ነበር። አሁን የሳሙና ካርቶን ተጎልቶበታል። ያመጣችው የወንድሜ ልጅ ማርታ ናት። «አጎቴ፣ ስፖንሰር አገኘን!» ብላ ስትገባ ቤቱ በሙሉ ሳሙና ሳሙና ሸተተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርታ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የአስታማሚዎች ማረፊያ ልትከፍት ነው። ከገጠር በሽተኛ ይዘው የሚመጡ ሰዎች የሚያድሩበት። ከየጎረቤቱ የሟች ልብስ ትሰበስባለች፣ እኔ ገጣጥሜ አንድ ትልቅ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አልጋዎቹን የሚገዛው የሳሙና ፋብሪካ ነው።

የባለቤቴ የአስቴር ሰማያዊ ሻሽም ይገባበታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ፋብሪካው አንድ ነገር ጠየቀ። ልብሶቹ ከመሰፋታቸው በፊት በሳሙናው ይታጠቡ። ካሜራ ፊት።

ሐጅ ከድር ሱቅ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ሐጅ የሟች ወንድማቸውን ኮፍያ ሰጥተው ነበር፤ መልሱልኝ አሉ። «ወንድሜ ቆሻሻ ነበር እንዴ?» ሌሎቹም ተከተሉ። ሐዘናችንን ለማስታወቂያ ነው የፈለጉት፣ ተባለ። እኔም አላስቻለኝም፤ ቀጥሎ እኛኑ አጥበው ያሰጡናል አልኩ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ቤት ገብቼ ሻሹን ከሳጥን አወጣሁ፣ የታሰረበትን ፌስታል ፈታሁ። አሸተትኩት። አስቴር አለችበት። የፀጉር ቅባቷ፣ ትንሽ ቀረፋ። ሰባት ዓመት ሙሉ አለች።

ስፌት ማንም አላስተማረኝም። የአባቴን ሱሪ ተርትሬ መልሼ ስገጥመው አንዱ እግር አጠረ። አስቴር ያኔ የጎረቤት ልጅ ናት። አባቴን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ። «ልክ የሚሆንላቸው እንጦጦ ዳገት ላይ በአግድም ሲቆሙ ነው» አለች። በዚያች ቀልድ ነው ያገባኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የቀረጻ ቀን። ከፋብሪካው ጌዲዮን የሚባል ሰው መጣ። ጎልማሳ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ልብስ ግን ማንም አላመጣም። የማርታ ፊት አመድ መሰለ።

ያኔ ሰይጣኔ መጣ። የስፌት መኪናዬን ዘይት የምጠርግበትን ጨርቅ አወጣሁና የአያቴ ነው፣ አደራ አልኩት። ጌዲዮን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አጠበ። አሁንም አጠበ። ዘይቱ ወይ ፍንክች።

ሐጅ ከአጥሩ ወዲያ «አንተ ታደሰ፣ አያትህ መካኒክ ነበሩ እንዴ?»

ግቢው አውካካ። ጌዲዮን ገባው። ካሜራውን አስጠፋና ሄደ።

ማርታ አልሳቀችም። አልጋዎቹ ቀሩ ማለት ነው፣ አለችኝ ቀስ ብላ። አስቴር ታማ ሳለች ሆስፒታሉ ደጅ ካርቶን አንጥፋ እያደረች ያስታመመቻት እሷ ናት። ይህን እያወቅሁ ነው የቀለድኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤ/ክ እንደተመለስኩ ለጌዲዮን ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልጋዎቹ አይቅሩ፣ የአስቴርን ሻሽ ላምጣና ካሜራ ፊት ይታጠብ አልኩት። ስለ ሽታው ሁሉ ነገርኩት፣ ሳልፈልግ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ሽታ እስከ መቼ ይቆያል? በፌስታል አጥብቀህ ካሰርከው ይቆያል፣ የእኔ ሰባት ዓመቱ ነው አልኩት። አመስግኖ ዘጋ። ስለ አልጋው ምንም አላለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከሰዓት

ከፋብሪካው ወሬ የለም። ማርታን አስጠራሁ። ሻሹን በእጇ አስያዝኳትና ወስደሽ ስጫቸው፣ ይጠቡት፣ ከአልጋው አይበልጥም አልኳት። አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ቆየች። መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«የእትዬ አስቴር ሽታ ታጥቦ ከወጣ ምኑን ልንሰቅል ነው፣ አጎቴ?»

በቃ፣ ወሰንን፤ አናጥብም። ሌላ ስፖንሰር እንፈልጋለን። ካልተገኘም በእኔ መርፌና በእሷ እግር አልጋዎቹን እናሟላለን። ካርቶኑን ነገ እንመልሳለን። ሄደች፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን መታ አድርጋኝ።

በር ይንኳኳል። ማርታ የረሳችው ነገር ይኖር ይሆን? በመስኮት አየሁ። ጌዲዮን! ካሜራ የለም፣ ሰው የለም፣ ብቻውን። ደረቱ ላይ ጠብቆ የታሰረ ፌስታል አቅፏል። በፌስታሉ ውስጥ የአሮጊት ሴት ሹራብ ይታያል፤ የእናቱ መሰለኝ።

ቆይ ደብተሬ፣ ካርቶኑን ከወንበሩ ላይ ላውርድለት።