በዡሳራ አንገት ላይ ያየሁት

ኮሬጎ ፉንዶ፣ ማክሰኞ፣ ጁላይ 8 ቀን 2003

ለእህቴ ለዙልሚራ፤

ይህ ደብዳቤ በሰላምና በጤና ያግኝሽ። የእጅ ጽሕፈቴን ባታውቂው አልቀየምም፤ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ መጻፌ ነው። በየገናው የምትልኪልኝ ካርድ ሁሉ ደርሶኛል። ያልመለስኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ምክንያት እየደረደርኩም አላደክምሽም። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ፈራሁ ነው።

ዡሳራ የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ፤ የልጄ የአደሚር ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጥፍሯን፣ ጆሮዋንና አንገቷን አያለሁ፤ በልጅነታችን የትምህርት ቤቱ መነኮሳት እኛን ያዩን እንደ ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት አንገቷ ላይ እድፍ ያየሁ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግሁት። ቆዳዋ ከጣቴ ጋር ተንሸራተተ። እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ ተነሣ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ "አያቴ፣ ታጥቤያለሁ እኮ" ብቻ አለችኝ።

ያን ጊዜውኑ አወቅሁት፤ ግን ለራሴ አላመንኩም። ፀሐይ ነው አልኩ። በልብስ ሳሙና ፈተግኋት፤ ባሰባት። ሳህኗንና ኩባያዋን ለየሁ፤ በኩባያዋ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፤ አንቺ ስትታመሚ እናታችን ያደረገችውን ሁሉ አንድ ሳላጎድል። አንሶላው ከቁስሏ ጋር እየተጣበቀ ሲያስለቅሳት ከጓሮ የሙዝ ቅጠል ቆርጬ አመጣሁላት። ቅጠሉን ግን ከበሩ ላይ ሆኜ ነበር የምወረውርላት።

አንድ ቀን "አያቴ፣ እሸታለሁ እንዴ?" አለችኝ።

"ማን እንዲህ አለሽ?"

"ማንም። እርስዎ ከበር ስለማያልፉ ነው።"

ትሸት ነበር። ያ የአይጥ ጎጆ የሚመስል ሽታ ነው፤ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ጎረቤታችን ፊሎሜና በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ዶና ሌኦካዲያ፣ ልጅቷን የት ደበቋት? ገዳም አስገቧት እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

"አንቺ መጀመሪያ ዶሮሽን ከአትክልቴ አውጪ" አልኳት።

አደሚርም ነገሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። "እማዬ፣ ሰው ከሰማ ከእርሻው ያስወጡናል። እስኪሻላት ቤት ትቀመጥ" አለኝ።

"ባይሻላትስ?"

በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ደረቷንና ጀርባዋን ሞላው፤ ትኩሳትም ጨመረባት። እሺ በል እንቢ በል ሳልለው መኪናውን አስነሣ አልኩት።

በወረዳው ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም ወጣት ናት፤ ኖዌሚ ትባላለች። ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ቆዳ ቆርጣ ላከችና ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠራችን። የዱር እሳት ነው አለች፤ አንቺን የያዘሽ። እኔም በደንብ ካላስረዳሽኝ ከዚህ አልነሣም አልኳት።

"ዶና ሌኦካዲያ፣ በሰውነታችን ውስጥ ጠባቂዎች አሉ" አለችኝ። "ባዕድ ነገር ሲገባ መልኩን አጥንተው ያጠቁታል። እዚህ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሽ ዝንብ ስትነክስ ምራቋን ትተዋለች። ጠባቂዎቹ ያንን ምራቅ ያጠናሉ። ቆዳችንን እርስ በርሱ የሚያያይዘው ሙጫ ደግሞ ምራቁን በጥቂቱ ሳይመስል አይቀርም። ስለዚህ በአንዳንድ ሰው ላይ ጠባቂዎቹ ይሳሳቱና የራሳቸውን ሙጫ ያፈርሳሉ። እኛ እንዲህ ነው ብለን እንገምታለን።"

"ዝንቧ ሁላችንንም ትነክሰን የለም እንዴ?"

"ትነክሳለች። በዘር የሚመጣ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም። በቤተሰባችሁ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር?"

አደሚር "የለም" አለ። አልዋሸም፤ ነግሬው አላውቅማ። ዝምታን እንደ ውሸት አልቆጥረውም ነበር።

"እህት አለችኝ" አልኩ። ልጄ ዞሮ አየኝ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው እያየኝ ነው።

ሐኪሟ ጽሑፏ ላይ እንዳቀረቀረች "ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም" አለች፤ ቀላል ነገር እንደምትናገር ሁሉ። ዙልሚራ፣ ደረትሽ ላይ ያየሁትን ለመነኩሴዋ የነገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። አባታችን በበሬ ጋሪ ሆስፒታል ሲወስድሽ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። አልጋሽና ልብስሽ ሲቃጠል ጭዱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ቤቱን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን መድኃኒት አለ ይላሉ፤ ጠባቂዎቹን የሚያደክም። ሲደክሙ ግን ለሌላውም በሽታ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ፊቷ ያብጣል፤ ለረጅም ጊዜ መውሰድ አለባት። ሕክምናው የሚጀመረው ባንቺ ከተማ፣ አንቺ በተኛሽበትና በኋላም ልብስ ስታጥቢ በኖርሽበት ሆስፒታል ነው። በዚያ በር አስገብቼያት ባትወጣስ? ጥያት ግን አልመለስም፤ ወንበር ላይም ቢሆን አድሬ አብሬያት እቆያለሁ።

ከጤና ጣቢያው ከተመለስን ወዲህ ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን እጄ ጀርባዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አያቴ፣ ይሰቀጥጥዎታል?"

"አዎ።"

"እኔንም" አለችና ዝቅ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በመጪው ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እንነሣለን፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ እንደርሳለን። አሳድሪን አልልሽም። መናኸሪያው ድረስ ብትመጪ ግን፣ ይህ በሽታ ይዟት አድጋ ያረጀች ሴት በዓይኗ ታያለች። የእኔ ቃል ያን ያህል አያጽናናትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ሳጥባት "እህትዎ ስትታመም ጀርባዋን ማን ነበር የሚያጥባት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እኔ" ብዬ ዋሸኋት።

ሰኞ አንቺንም መጠየቋ አይቀርም። የምትመልሺላትን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ገላሽንም ከሕመም ይጠብቅልሽ።

እህትሽ ሌኦካዲያ