ፍሪጅ ያላት ደሃ

ጥር 6
የኩሽናው ቧንቧ አለቀለት... ከዋርሳዬ፣ ከባሌ ወንድም፣ ሱቅ አዲስ ገዛሁ። "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" አለኝ እየሳቀ። "ለቤተሰብማ ያለ ደረሰኝ ነው! ግብሩን ለማን ብዬ?" ብሎ ራሱ መለሰና ቀነሰልኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ነገ የሰፈሩ የድጎማ ኮሚቴ ቤት ለቤት ይዞራል። ሰብሳቢው እሱ፣ ጸሐፊዋ እኔ። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ።

ጥር 7
የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ቤት ገባን። ሁለት ልጆች፣ አንድ አልጋ። የዋርሳዬ ዓይን ጥግ ላይ ተተከለ።

"እንዴ! ፍሪጅ?"

"አይሠራም ጋሼ። አሠሪዬ ሊጥሉት ሲሉ ነው የሰጡኝ።"

ከፈተችው። ዳቦ፣ ዱቄት፣ የልጆቹ ደብተር። "ከአይጥ ነው የምደብቀው" አለች። ገመዱ እንኳ ከሥሩ ተቆርጧል።

ቅጹ ላይ ያለው "ፍሪጅ፦ አለ / የለም" ነው። ይሠራል ወይ የሚል የለም። ዋርሳዬን ቀና ብዬ አየሁት። "ያየሽውን ጻፊ" አለኝ።

"አለ" ላይ ምልክት አደረግኩ። ምን ላድርግ?... ግን እጄ ለምን እንደዚያ ፈጠነ?

ጥር 15
የአጣቢዋ ስም ከድጎማው ዝርዝር ተሰረዘ።

አማቴ ቤት ምሳ ላይ ዋርሳዬ እያላመጠ፣ "እኛ ግብር እየገፈገፍን እነሱ ፍሪጅ ገትረው ይንደላቀቁ?" አለ። አማቴ "እውነቱን ነው" አሉ። ባሌ ሳቀ።

ማን? እሱ ነው ግብር የሚገፈግፈው? ዓይኑን በጨው አጥቦ! የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። የባሰው ደግሞ... ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ፣ ቧንቧው ያው ያለ ደረሰኝ የገዛሁት ነው። ራሴንም ተጸየፍኩ።

ጥር 19
አጣቢዋ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "እትዬ፣ ፍሪጁን ለቆራሌው ሸጥኩት። አሁን ደንበኛ ደሃ ነኝ!"

"ዳቦውስ?"

"አይጦቹ ኮሚቴ አቋቁመውበታል።"

ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እንደገና አመልክታለች። "እርስዎ አይደሉ የሚጽፉት" አለችኝ፣ አምናኝ።

ጥር 22
ስብሰባ። ዋርሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ፦ "ፍሪጅ ሸጣ ገንዘብ አግኝታለች። ገቢ አላት ማለት ነው። ጻፊ።"

ሲኖራት ስላላት፣ ስትሸጠው ስለሸጠች! የኮሚቴው አባል የሆኑት ጡረተኛ መምህር ጥፍራቸውን ያያሉ።

"ያየሁትን ልጻፍ?"

"ያየሽውን!"

ጻፍኩ። ጮክ ብዬም አነበብኩት፦ "የአመልካቿ ፍሪጅ እንደማይሠራ እያየሁ ዝም ብዬ 'አለ' ያልኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢው ቧንቧ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥም አይቻለሁ። ገዢዋም እኔ ነኝ።"

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል?" አለ ዋርሳዬ።

መምህሩ ወረቀቱን ሳቡት። "እኔም ከሱቁ የቤት ቀለም የገዛሁት ያለ ደረሰኝ ነው" አሉና ፈረሙ። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ...

ጥር 29
ስሟ ተመለሰ። ለሦስት ወር ብቻ፣ "እስኪጣራ"። እኔ ከጸሐፊነት ወረድኩ። አማቴ ስልክ አያነሱም። ባሌ "እራት አለ?" እና "ቁልፉ የት ነው?" ብቻ ሆኗል ንግግሩ።

ዛሬ ሱቁ ሄጄ የቧንቧውን የጎደለ ግብር ከፍዬ፣ "ደረሰኝ ቁረጥልኝ" አልኩት ዋርሳዬን። ቆርጦ ወረወረልኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛ ነሽ እንጂ ቤተሰብ አይደለሽም።"

ደረሰኙን ፍሪጃችን በር ላይ ለጠፍኩት። የእኛ ይሠራል። መጥቶ የጠየቀን የለም።