ከአበልጄ የወሰድሁት ቀበቶ

በእግዚአብሔር ፊት፣ ቀጥሎም ከታች ስማቸው በሚሰፍር ምስክሮች ፊት፣ እኔ ኤሊሴዮ አርሜንታ ቡኤልና፣ የሎስ ሞቺስ ከተማ ተወላጅና ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ሰባ አምስት ዓመት የሞላ፣ በአንድ ወቅት የሃምሳ ሦስት ኪሎ ተኩል ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበርሁ፣ ዛሬ ማርች 14 ቀን 2023 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ።

አእምሮዬ ጤናማ ነው። ይህን መናገር ለሌላው ሰው ወግ ነው፤ ቦክሰኛ ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ትናንት ሐኪም መጥቶ ቀኑን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። የአገሩን ርዕሰ ከተማ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ከመቶ ወደ ኋላ በሰባት በሰባት ቁጠር ሲለኝ ግን፣ ይህን በትምህርት ቤትም ሳለሁ አልቻልሁትም ነበርና በቡጢ አታሳብብ ብዬዋለሁ። በእሱ ፈንታ ቀበቶዬን ሊወስዱ መጥተው የተመለሱትን የዘጠኙን ሰዎች ስም ከነወደቁበት ዙር ዘረዘርሁለት። ወረቀቱን ፈርሞልኝ ሄደ። እጆቼ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቃሌ አይንቀጠቀጥም።

ሰነድ አረጋጋጩ ዶን ፍሮይላን የምናገረውን እንዲጽፍ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚባለውንም እንዳይዘል አዝዣለሁ።

«ዶን ኤሊሴዮ፣ የክፍሉ ወሬ እኮ ኑዛዜ ውስጥ አይገባም» አለኝ።

«የሚሞተው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ጻፍ።»

አንደኛ። ይህ ቤት ከነጓሮው የልጄ የሮሴንዶ ነው። የማንጎው ዛፍ እንዳይቆረጥ፤ እናቱ ኦፌሊያ ነፍሷን ይማረውና የበቆሎ ሊጡን በቅጠል እየጠቀለለች ታማል የምትሠራው በጥላው ሥር ነበር። ሮሴንዶ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቦክሰኛ ልሁን ብሎ ቢመጣ ጓንቱን ከእጁ ቀምቼ ጣሪያ ላይ ወርውሬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አባቴ አላመነብኝም» ሲል ኖሯል። ልጄ ሆይ፣ አምኜብህ ነበር። ትችልበት ነበር፤ የፈራሁትም እሱኑ ነው።

ሁለተኛ። ጎረቤቴ ዶኛ ሬይሙንዳ ኦፌሊያ ከሞተች ጀምሮ ባቄላ ስትቀቅል የእኔን ሳህን ሳትረሳ ኖራለችና፣ ቀዩ አውራ ዶሮ ለእሷ ይሰጣት ብዬ ነበር። ዶን ፍሮይላን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄ አይሆንም። ዶኛ ሬይሙንዳ ምስክር ናቸው። የሚመሰክር ሰው ከኑዛዜው ምንም አይወስድም፤ የሚወስድ ሰውም አይመሰክርም። ሕጉ ነው።»

«ይቅርብኝ ልጄ» አለች እሷ። «ያን ጯሂ በነፃ ስሰማው አይደል የኖርኩት። ቤቴ ከማሳድረው መፈረሙ ይሻለኛል።»

ስለዚህ ዶሮውም የሮሴንዶ ነው። ሁለተኛው ምስክር ዶን ፍሮይላን ይዞት የመጣው ጸሐፊው ነው።

ሦስተኛ። የዓለም ሻምፒዮናው ቀበቶ በአልጋዬ ሥር በኦፌሊያ ሻርፕ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህ ቀበቶ ለናሳሪዮ ኮታ፣ ለቀድሞ አበልጄ ይሰጥ። በእጁ ላስረክበው ስለ ፈለግሁ ዛሬ ማለዳ ልኬበታለሁ። ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ባይመጣም ምክንያቱ ተጽፎ ይቆየው።

ናሳሪዮና እኔ የተገናኘነው በአሥራ ሁለት ዓመታችን፣ የስኳር ፋብሪካው እርሻ ላይ ሸንኮራ ስንቆርጥ ነው። ከሥራ ስንወጣ ዶን ቺሎ የሚባል ሰው ከመጋዘኑ ጀርባ ቦክስ ያስተምረን ነበር። ቁመታችን አንድ፣ ክብደታችን አንድ፣ የእግራችን ልክም አንድ ነበር። የቦክስ ጫማ ግን ለሁለታችን ያለን አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር። በአንድ ቀን ሁለታችንም ግጥሚያ ሲኖረን የቀደመው ከሪንግ ወርዶ ላቡ ሳይደርቅ ጫማውን ያወልቅና ለተከታዩ ይሰጠዋል። «ተራው የማን ነው?» እንባባል ነበር። ተሸንፌ የወረድሁ ቀን ናሳሪዮ እግሩን እያስገባ «አርሶብኛል፤ አልቅሰህበታል እንዴ?» ይለኝ ነበር።

እንዲህ እየተቀባበልን በሚዛናችን ከሁሉ በላይ ሆንን። ከዚያ የዓለም ሻምፒዮኑ በቃኝ ብሎ ቀበቶውን ተወውና የቦክስ ማኅበሩ ኤሊሴዮና ናሳሪዮ ይጋጠሙበት ሲል ወሰነ። ዶን ቺሎ በአንዳችሁም ጥግ አልቆምም ብሎ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን የናሳሪዮ ሚስት ወለደች። ናሳሪዮም የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቤቴ መጣ።

«ስማ አንተ፣ ልጄን ክርስትና ታነሳልኛለህ?»

«እኔ? ጳጳሱ እምቢ ብሎህ ነው?»

«እሱ መንጋጋው ደካማ ነው።»

ሳቅሁና እሺ አልሁት። ነጩን ቀሚስ ገዝቼ፣ ሎሬንሳን ታቅፌ ክርስትና አነሣኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እንደ ደንቡ ተቃቅፈን አበልጅ ሆንን። እንደ አባቶቻችን ወግም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንተ መባባል ቀረና እርስዎ ተባባልን።

አበልጅ አበልጁን አይመታም። ይህን በእኛ ከተማ ሕፃን ያውቀዋል። ናሳሪዮ ክርስትና ያስነሣኝ ግጥሚያው እንዲቀር መሆኑ ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን የገባኝ በእኔ በኩል ነው፤ ጠያቂው እሱ ስለሆነ የሚተወው እሱ ነው አልሁ። እሱ ደግሞ፣ እሺ ያለው ኤሊሴዮ ስለሆነ የሚተወው ኤሊሴዮ ነው ሳይል አይቀርም። በየቤታችን ተቀምጠን የሌላውን መልእክት ጠበቅን። አንድ ቃል ይበቃን ነበር። ድሮ ቢሆን «አንተ ጅል፣ ማናችን ነን የምንቀረው?» ብዬ በመስኮቱ እጮህበት ነበር። አበልጅን ግን እንዲህ አይሉትም፤ ያፍሩታል። መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ አበልጄ? ሕፃኗ ደህና ናት?» ተባብለን እንለያያለን። ዝምታ ለበግም አልበጃት ይባላል፤ ለእኛም አልበጀን።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ምንም አልተማታንም። ዞርን፤ እጃችንን ዘረጋን፤ መለስን። ሕዝቡ አፏጨ፣ ወንበር ወረወረ፣ «ቄስ ጥሩላቸው፣ ይጋቡ!» እያለ ተሳለቀ። ዳኛው ካልተማታችሁ ሁለታችሁንም አስወጣለሁ አለ። በሦስተኛው ዙር አንደኛው መታ። ጋዜጦቹ ናሳሪዮ ነው ብለው ጽፈዋል፤ እኔም ይህን ሁሉ ዓመት አላረምኋቸውም። መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።

በአሥራ አንደኛው ዙር ናሳሪዮ ትንፋሽ ለመሳብ ግራ እጁን ዝቅ አደረገ። ሲደክመው እንዲህ እንደሚያደርግ ከዶን ቺሎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሥራ አራት ዓመት ምስጢሩን ጠብቄለታለሁ። በዚያች ቅጽበት ቀኝ እጄ ቀድሞኝ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእጅ ወለምታም እንዲሁ ነው። ናሳሪዮ ወደቀ። ሲያነሡት ግራ ዐይኑ አያይም ነበር፤ እስከ ዛሬም አያይም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሻምፒዮን ነበርሁ። በቶኪዮ አሸነፍሁ፣ በሎስ አንጀለስም አሸነፍሁ። እጄን ወደ ላይ ባነሡልኝ ቁጥር ዐይኔ ከሪንጉ በታች አንድ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ባዶ እግሩን ቆሞ ጫማዬን የሚጠብቅ ሰው። ናሳሪዮ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በረዶ ፍቆ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ እያፈሰሰበት ይሸጣል። አንድም ቀን በክፉ አንሥቶኝ አያውቅም። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ኮፍያውን ከፍ አድርጎ «ደህና ዋሉ፣ ሻምፒዮን» ይለኛል። አገሩ ሁሉ የሚጠራኝ በዚህ ስም ነው። አበልጄ ብሎ ከጠራኝ ግን አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ስለዚህ እኔም እንዳልደፍረው ብዬ የቀድሞ አበልጄ እላለሁ።

ናፍቆኛል። ኦፌሊያም ትናፍቀኛለች፤ ነገር ግን የሞተን ሰው መናፈቅ ማታ ማታ ያስተኛል። አምስት መንገድ ርቆ በረዶ የሚፍቀውን ሰው መናፈቅ አያስተኛም። ቀበቶው የማን እንደ ነበር አላውቅም፤ የእኔ ብቻ እንዳልነበር ግን አውቃለሁ።

አራተኛ። ለክርስትና ልጄ ለሎሬንሳ በኑዛዜ የምተውላት የለኝም፤ የክርስትናዋን ፎቶግራፍ በቁሜ በእጇ ሰጥቻታለሁ። በልጅነቷ አሻንጉሊት ላክሁላት፣ ብስክሌትም ላክሁላት፤ ሁለቱም ከደጅ ተመለሱ። አድጋ መድኃኒት ቤት ሥራ ከገባች በኋላ አንድ ቀን ሐኪም ያዘዘልኝን መርፌ ይዛ መጣች። «ማን ላከሽ?» ብላት «ማንም። የክርስትና አባቴ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ። ዛሬ ማለዳ አባቷ ዘንድ የላክሁት እሷን ነው።

አምስተኛ። ጥቁሩ ጫማ በእኔ ዘንድ የቀረው በመጨረሻ የተጫማሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። ሁለታችን የተጋጠምን ቀን ሁለታችንም አዲስ ጫማ አድርገን ነበር። ጥቁሩን በእግሬ አድርጋችሁ ቅበሩኝ።

ይህን በማጻፍ ላይ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ሎሬንሳ ገባች። ከኋላዋ ናሳሪዮ ኮታ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ዶን ፍሮይላን፣ አትዝለል፤ ጻፍ።

«ደህና አደሩ፣ ሻምፒዮን።»

«ደህና አደሩ። ይቀመጡ።»

«በረዶዬ ይቀልጣል፤ ቶሎ በሉ።»

ሦስተኛው ተራ ቁጥር ተነበበለት። በደህናው ዐይኑ ወለሉን እያየ አዳመጠ። ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«እውነት፣ ግጥሚያውን ይተወዋል ብለው ጠብቀውኝ ነበር?» አለኝ።

«ብዬ ነበር። እርስዎስ?»

«እኔም። ሚስቴን ራት ሳትበዪ ጠብቂኝ ብያት ነበር የወጣሁት፤ ሳልጋጠም የምመለስ መስሎኝ።»

ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ሲሰማ የቆየው ልጄ ሮሴንዶ ቀበቶውን አውጥቶ ከሻርፑ ፈትቶ አቀረበለት። ናሳሪዮ እጁን አልሰደደም፤ ወደ ዶን ፍሮይላን ዞረ።

«የሚፈርመው ማን ነው?»

«ዶኛ ሬይሙንዳና ጸሐፊዬ ናቸው።»

«ጸሐፊህ ምን ያውቃል? እዚያ ነበር? እኔ እፈርማለሁ።»

«ከፈረሙ ቀበቶውን አይወስዱም፣ ዶን ናሳሪዮ። ከሁለቱ አንዱን ነው።»

«ብዕሩን አምጣ።»

«ያስቡበት እንጂ። ይህን ቀበቶ የሚመኝ ስንት ሰው አለ።»

«ልጄ፣ የጠፋው ዐይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ሰምቼሃለሁ። ብዕሩን አምጣ።»

ብዕሩን ተቀበለ። ወረቀቱን ወደ ደህናው ዐይኑ አስጠግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ መሐል ላይ ቆመ።

«ይሄንንስ አልፈርምም። የቀድሞ ይላል። አበልጅ የቀድሞ አለው እንዴ? ልጅቷስ የቀድሞ ክርስቲያን ናት? ሰርዘው።»

«ሻምፒዮን እያሉ የሚጠሩኝ እርስዎ አይደሉም?» አልሁት።

«አርባ ዘጠኝ ዓመት በበረዶዬ ፊት አለፉ» አለኝ። «አንድ ቀን ቆመው ቀዩን ስጡኝ፣ ቢጫውን ስጡኝ ብለውኛል? የሚያልፍ ሰው ሻምፒዮን ነው። አበልጅ ቢሆን ይቆም ነበር።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር የማልቆመው። ኮፍያውን ሲያነሣልኝ ተቆጥቶ እንጂ ጠብቆኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ አምስተኛውን ተራ ቁጥር አነበበና ወንበሬ ሥር ያለውን ጫማ አንሥቶ ብብቱ ሥር አደረገው። ዶን ፍሮይላን ምስክር ምንም አይወስድም ብሎ አስታወሰው።

«ስጦታ መች ሆነና? ተራዬ ነው» አለው።

በዚህ መሠረት አምስተኛው ተራ ቁጥር ቀርቷል፤ በባዶ እግሬ ቅበሩኝ። ቀበቶው ሎሬንሳን ክርስትና ባነሣሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከመጠመቂያው በላይ ካለው ግድግዳ ይሰቀል።

ስድስተኛና የመጨረሻ። ልጄ ሮሴንዶ፣ ከቤቱም ከዶሮውም ይልቅ ይህን ያዝ። የምትወደው ሰው ይተወዋል፣ ይመጣል፣ ይጠራኛል ብለህ ደጅ ደጁን እያየህ አትቀመጥ። ሂድና በመስኮቱ ጩህበት። ጅል ይበልህ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዛሬ ረፋድ ላይ ነው፤ ጊዜው ግን አልቋል።

ቃሌ ተነቦልኝ ልክ ነው ብያለሁ። እጄ ብዕር ስለማይዝ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

ኤሊሴዮ አርሜንታ ቡኤልና፣ ተናዛዥ (የአውራ ጣት አሻራ)

ሬይሙንዳ ሶቶ፣ ምስክር፣ ጎረቤት

ናሳሪዮ ኮታ፣ ምስክር

የሰነድ አረጋጋጩ ማረሚያ፦ በሦስተኛው ተራ ቁጥር «የቀድሞ» የሚለው ቃል በገባበት ሁሉ ተሰርዟል፤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሁለተኛው ምስክር ከፈረሙ በኋላ ከስማቸው ጎን የጎደለ አለ ብለው ብዕሩን መልሰው ተቀብለዋል፤ በገዛ እጃቸውም «አበልጅ» ብለው ጨምረውበታል።