እሳት ያበደርካት ልጅ

ውድ ወንድሜ ጓንግዳ፣

ነገ የመቃብር ጠረጋ ቀን ነው። ለሙታን የወረቀት ገንዘብ ስናቃጥል ይህም ደብዳቤ አብሮ ነዶ እንዲደርስህ ነው የምጽፍልህ። በየቀኑ ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቃለህ፤ የመድኃኒት ሥራሥር ዋጋ፣ የዝናብ ነገር፣ የደንበኛ ጠባይ። ይሄኛው ግን ለማስታወሻ አልሆን አለኝ።

ልጄ ሩዌይ ስትወለድ ኮከብ ቆጣሪው ሽማግሌ ፓንግ የልደት ሰዓቷን አስልቶ ምን እንዳለን ታስታውሳለህ? «እንጨት አላት፣ አፈር አላት፣ ብረትና ውሃም ሞልቷታል። ከአምስቱ ባሕርያት እሳት ግን የላትም።» ስሟ ላይ እሳት የሚል ትርጉም ያለው ፊደል አስጨመርኩና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ፓንግ ግን እሳት የሞላበት የጡት አባት ካላገኛችሁላት ብሎ ያዘን። በሐሩር ወራት፣ በእኩለ ቀን የተወለደ፣ ዕድሜውን ምድጃ ፊት የጨረሰ ሰው በገበያችን ካንተ ሌላ ማን ነበር?

«ዱ! አንተ ቀዝቃዛ ሰውዬ!» ብለህ ጮህክብኝ፣ እጅህ ሊጥ እንደሆነ። «ልጅቷን ወዲህ በላት፣ እሳት አበድራታለሁ!»

«ወለዱስ?» አልኩህ።

«ነጋዴ! ከሳቋ እቆርጣለሁ!»

ለጡት ልጅ እንደሚሰጠው ቀይ ጎድጓዳ ሳህን ሰጠሃት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትቆመው አንተ ጋ ነበር። የሰሊጥ ቂጣህ አፏን እያቃጠላት ስትስቅ እስከ ሱቄ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አልቀናሁም አልልህም።

ባለፈው መኸር ምድጃህ ፊት ወደቅህ። ከቀብርህ ስንመለስ ሳህኑን አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። ከሌላ ሳህን ጥቂት ቀምሳ ትገፋዋለች። ከቤት አትወጣም።

እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ የጎደለውን ገዝቼ እሞላለሁ። ለማንም የማልሸጠውን ወፍራም የደቡብ ቀረፋ አፈላሁላት። መድኃኒት ቀማሚው የእጇን የደም ሥር ዳስሶ «የልቧ እሳት ወርዷል፤ ደስታ የሚያድረው እዚያ ነው» አለኝ። ይህንማ ሳልዳስስም አውቀዋለሁ። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሟ ድባቴ ነው ብላ ክኒን ሰጠቻት። ትውጠዋለች። መጋረጃዋን ግን አትገልጥም።

ፓንግ «የሞተ ሰው እሳት አያበድርም፣ ሌላ ፈልግላት» ቢለኝ በገበያው በርበሬ የሚቆላውን ሰው የጡት አባት እንዲሆናት ለመንኩት። አዲስ ቀይ ሳህን ይዞ ቤታችን መጣ። ሩዌይ አየችው፤ አልተቆጣችም።

«አባባ፣ ሰው እንደ ከሰል ይተካል እንዴ?»

ሰውዬውን «ሻይ ጠጣ» አልኩት። ጠጥቶ፣ ሳህኑን ይዞ ሄደ።

ሲወጣ ነው የነገረችኝ። «የጡት አባቴን እሳት የጨረስኩበት እኔ ነኝ። ስወስድ ኖሬ ባዶ አደረግኩት።»

ጓንግዳ፣ ያን የብድር ቀልድህን በየበዓሉ እየደገምን ነው ያሳደግናት። ለካ ታምነው ኖሯል። ሲጋራ እየለኮስክ፣ ጨው ቀንስ ባለህ ሐኪም ላይ እየሳቅክ እንደኖርክ አስረዳኋት።

«አንተ ነጋዴ ነህ» አለችኝ። «መሸጥ የፈለግከውን ታሞግሳለህ።»

ሰው አሳምኜ በኖርኩበት አፌ ልጄን ማሳመን አቃተኝ። ፓንግን ይዤ መጣሁ፤ ጀርባዋን ሰጠችው። የምታምነው አንተን ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ የለህም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትጠፋ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ነገ መቃብርህ ድረስ ትመጪያለሽ ወይ ስላት ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች። ደብዳቤውንና ክብሪቱን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣለሁ። እኔ አልለኩሰውም፤ የኔ እሳት አንተ ጋ የሚያደርስ አይመስለኝም።

ይህ ወረቀት ከደረሰህ እሷ ለኩሳዋለች ማለት ነው። እንግዲያው በሕልሟ ግባና ብድር እንዳልነበረ ንገራት። ካልደረሰህ ግን ለማንም አልጻፍኩም።

ቀዝቃዛው ወንድምህ፣
ዱ ቦቸንግ