ያልበረሩት ጫጩቶች

የኔ የሺ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። ባለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። የደብዳቤ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ነበር፤ ግን ከእንግዲህ አልዋሽሽም ብያለሁና ደህና አይደለሁም። ጉልበቴም ስኳሬም እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ እነሱን ማለቴ አይደለም። ያለፈው ቅዳሜ ልጃችን ሰላም አንድ ነገር ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ለሌላ ለማን እንደምናገረው ስላላወቅሁ ለአንቺ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። የመጋዘን ሥራዬን ተውኩት፤ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ወጥቶ መውረድ ጉልበቴ እምቢ አለ። ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወንበሬን ወደ ጓሮው መስኮት አዙሬዋለሁ። ብታዪኝ እንዴት በሳቅሽብኝ! ግንደ ቆርቁሩ ዘንድሮም ፀደይ ሲገባ መጥቶ በየማለዳው የጭስ ማውጫውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ሚስት የሚጠራው እንዲህ ነው ያልሽኝ ሰሞን ቤቱ ሊፈርስ ነው ብዬ ጣራ ላይ ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ጥንቸሎቹ ጎመኔን ከሥሩ ጨርሰውታል፤ አላባረርኳቸውም። ሽኮኮዋም አለች። እኔ ሽኮኮ ማለት አገራችን ዐለት ለዐለት የሚኖረው ነው፣ ይቺ ጭራዋ የጎፈረው ሌላ ናት እያልኩ ስከራከርሽ፣ «እንግዲህ አሜሪካ ስትገባ ዛፍ መውጣት ለምዳ ይሆናላ» ያልሽኝ ትዝ ይለኛል።

አንቺ ይህን ሁሉ የተማርሽው ከሥራሽ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያው የምትንከባከቢያት ያቺ አልጋ ላይ የዋለች ፈረንጅ አሮጊት፣ ስታጥቢያትም ስታጎርሻትም መስኮቷ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ስም እየጠራች አስጠናችሽ። ስትሞት የሩቅ መነጽሯ ለየሺ ይሰጥልኝ ብላ ተናዝዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ ቀጥታ ወደ ኩሽናው መስኮት ሆነ። «ታደሰ፣ ና እያት! ቶሎ በል!» ትይኛለሽ። «እሺ፣ መጣሁ» እልሻለሁ። ዜናዬን ጨርሼ፣ ወገቤን ይዤ፣ ተነሥቼ እስክደርስ ወፊቱ የለችም። «ሄደችብህ» ብለሽ ትስቂያለሽ። በዚህ ቤት ዐሥራ አንድ ፀደይ አብረን አሳልፈናል። በዐሥራ አንዱ ሁሉ አንድም ቀን በጊዜው አልተነሣሁልሽም።

ያን የመጨረሻውን ፀደይ ሕመሙ ወደ ጉበትሽ መሻገሩ የተነገረን በሁዳዴ መግቢያ ነው። በዚያው ሰሞን ጥድፊያን አገኘሻት። ፈረንጆቹ ሃሚንግበርድ የሚሏት፣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ፣ ስትበር ክንፏ የማይታይ፣ አንድ ቦታ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው ወፍ ናት። «ጥድፊያ» ያልሻት አንቺ ነሽ፤ አንዴም አርፋ ስለማታውቅ። በሸረሪት ድርና በዛፍ ሽበት የሠራቻት ጎጆ የሎሚ ግማሽ ታህላለች አልሽኝ። ሆስፒታል ከመግባትሽ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ እየተጎተትሽ ሳሎን ድረስ መጣሽና፣ «ታደሰ፣ ፈለፈለች! ሁለት ናቸው!» አልሽኝ።

«ጎሽ፤ የት ነው ያለችው?» አልኩሽ፣ ዓይኔን ከዜናው ሳልነቅል።

«በአጥሩ በኩል። ስንቴ ልንገርህ?»

በአጥሩ በኩል የፖም ዛፍ አለ። እሱን ይሆናል አልኩ። ደግሜ አልጠየቅሁሽም።

ማክሰኞ ትኩሳቱ ሲነሣብሽ ወሰድንሽ። ሐኪሞቹ ለሦስት አራት ቀን ነው ብለው ነበር። እኔ ደረጃ መውጣት ስላቃተሽ አልጋሽን ወደ ታችኛው ክፍል ላወርደው አሰብኩ። የዚያ ክፍል መስኮት በአጥሩ ዳር ባለው ቁጥቋጦ የተጋረደ ነው። ብከረክመው ተኝተሽ ጓሮውን በሙሉ ታያለሽ፤ ወፎችሽን ታያለሽ። ለአንቺ ብዬ ነው። ይህ እውነት መሆኑን እወቂልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤታችን ከካምቦዲያዊው ሰውዬ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ተዋስኩና ገባሁበት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከቁመቴ ይበልጥ የነበረው ቁጥቋጦ ወገቤ ድረስ ወረደ። ደስ አለኝ። መስኮቱ ብርሃን ሆነ።

ቅጠሉን ስጠርግ ጆሮዬ አጠገብ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጥድፊያ ናት። ምንም በሌለበት ባዶ አየር ላይ፣ በእኔ ራስ ቁመት ላይ ቆማለች። ወደ ላይ ትላለች፣ ወደ ታች ትላለች፣ ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ ትቆማለች። ቤቷ የነበረበትን ቦታ ነበር የምትፈልገው፤ ቦታው ግን የለም። ያኔ ነው «በአጥሩ በኩል» ያልሽኝ የገባኝ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ቅጠሉን አንድ በአንድ አነሣሁ። ጎጆዋን ተጨፍልቃ አገኘኋት። አንደኛው ውስጧ ሞቷል። ሌላኛው አፈር ላይ ወድቆ አፉን ከፈተ። ላባ የለውም፣ ዓይኑ አልተከፈተም፣ ንብ ነው የሚያህለው። በመዳፌ ይዤ ትንፋሼን እየሰጠሁ ኩሽና አስገባሁት። ስኳር በውኃ በጥብጬ በስንጥር ጫፍ ከአፉ አደረስኩለት። ከምሳ ሰዓት በፊት ሞተ። ሁለቱንም ፖሙ ሥር ቀበርኳቸው። እናትየዋ እስኪመሽ ድረስ እየመጣች ያቺን ባዶ ቦታ ስትፈልግ ዋለች። እኔ ቀብሬያቸው ገና እጄን ሳልታጠብ አንቺ በስልክ ኮል አደረግሽ።

«እሺ፣ የጥድፊያ ልጆች እንዴት ናቸው? ሳላያቸው አራት ቀን ሆነኝ እኮ።»

በጥፍሬ ውስጥ አፈራቸው ነበር።

«ደህና ናቸው» አልኩሽ።

«አየሃቸው? ራስህ ወጥተህ?»

«አየኋቸው።»

«ተመስገን» አልሽ።

እንዲህ ተጀመረ። አራቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አንቺም አልወጣሽም። በየቀኑ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ ክፍልሽ ስወጣ ሊፍቱ ውስጥ የዛሬውን እያሰላሁ ነበር። ወፍ በስንተኛው ቀን ዓይኑን እንደሚከፍት፣ ላባ መቼ እንደሚያወጣ ሰላም በሰጠችኝ አይፎን እየፈለግሁ አነባለሁ። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ ጓሮ እቀመጣለሁ፤ ውሸቴ እውነት እንዲሸት ዝናቡን፣ ነፋሱን፣ አጥሩ ላይ ያረፈውን ቁራ ሁሉ አያለሁ። ጓሮአችንን በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው፤ ልዋሽሽ ብዬ።

ማታ ወንበሬን ወደ አልጋሽ አስጠግቼ እነግርሻለሁ። ዓይናቸው ተከፈተ። ላባ አወጡ። ጎጆዋ ጠበበቻቸው፤ ትልቁ ትንሹን ይረግጠዋል። ቁራው ሊነጥቃቸው መጣና ጥድፊያ ያን የሚያህል ቁራ በመንቁሯ እየወጋች እስከ ጎረቤት አባረረችው። ይህን ስነግርሽ በማደንዘዣው መካከል ከልብሽ ሳቅሽ። «ትንሹስ? ይበላል?» ትይኛለሽ። ስለ ትንሹ ሁልጊዜ ትጠይቂኝ ነበር። «ይበላል» እልሻለሁ። ነርሷ አንድ ቀን ምን እያወራህላት ነው ብትለኝ፣ «ስለ ልጆቻችን» አልኳት፤ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ።

በሰሙነ ሕማማት ድምፅሽ እየቀጠነ ሲሄድ ጫጩቶቹን ማብረር ፈራሁ። ከበረሩ ወሬው ያልቃል። ወሬው ካለቀ አንቺም የምትሄጂ መሰለኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳቆያቸው ራስሽ ጠየቅሽኝ፣ «አሁንም አልበረሩም? ኧረ ጊዜያቸው አልፏል፣ ታዴ። ልቀቃቸው እንጂ።»

ልቀቃቸው አልሽኝ። ያን ቀን ቃሉን ልብ አላልኩትም።

በማግሥቱ ለቀቅኳቸው። ትልቁ ጠዋት በረረ፤ ትንሹ ግን ቀኑን ሙሉ የጎጆዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲፈራ ዋለና ሊመሽ ሲል ሄደ አልኩሽ። «ሁለቱም?» አልሽኝ። «ሁለቱም» አልኩሽ። እጄን ያዝሽና እንባሽ ወደ ጆሮሽ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስለነሱ አንድ ጊዜም አልጠየቅሽኝም። ፋሲካን አብረን ዋልን፤ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ተለየሽኝ።

ሁለት ዓመት የኖርኩት ቢያንስ ከዚያች ከአንዷ ሐዘን አተረፍኳት እያልኩ ነው። ሌላ የምጽናናበት አልነበረኝም።

ቅዳሜ ሰላም ለሙት ዓመትሽ ቤት ልታዘጋጅ መጣች። ቁጥቋጦው መልሶ አድጎ መስኮቱን ጋርዶታል። «አባዬ፣ ኦኬ፣ ሰው ልጥራና ይከርክመው፣ ቤቱ ጨለመ» አለችኝ። «እንዳይነካ!» ብዬ ጮህኩባት። እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። ይቅርታ ልላት ስል ድንገት አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኳት። ልጅሽ አልደነገጠችም። አጠገቤ ተቀመጠችና፣

«አባዬ፣ ማሚ እኮ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

ለካ ያን ዓመት ቁጥቋጦውን በቆረጥኩ ማግሥት፣ እሑድ ዕለት፣ ነጠላሽንና የቤት ጫማሽን ልትወስድ መጥታ ቁጥቋጦው ተቆርጦ አየች። የጎጆዋን ቦታ አንቺ አሳይተሻት ስለነበር ወዲያው ገባት። እያለቀሰች መጥታ ነገረችሽ። አንቺም «ለአባትሽ ማወቄን እንዳትነግሪው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ አውርቶልኝ አያውቅም። ተዪው ያውራልኝ» አልሻት።

ሰላም ይህን የነገረችኝ ልታጽናናኝ ነው። ትወድህ ነበር፣ ደስ ይላት ነበር አለችኝ። ይሆናል። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የማየው ሌላ ነው። ከዚያ ሰኞ እስከ መጨረሻው የነገርኩሽን እያንዳንዱን ቃል መሞታቸውን እያወቅሽ ነው የሰማሽው። «ትንሹስ ይበላል?» ስትዪኝ አፈር ውስጥ መሆኑን እያወቅሽ ነው። የሳቅሽው እያወቅሽ ነው። እጄን ይዘሽ ያለቀስሽው ለማን እንደነበር አሁን ሳስበው ልቤ ይሰበራል።

በእኔ ወንበርና በአንቺ አልጋ መካከል አንድ ክንድ ነበር። ያቺን አንድ ክንድ ተሻግሬ «የሺ፣ አልሰማሁሽም፤ ገደልኳቸው» ብልሽ ኖሮ አብረን እናለቅስ ነበር። ስለ ጫጩቶቹ ማልቀስ ከጀመርን ደግሞ ስለ ሌላውም እናለቅስ ነበር። ስለ መሞትሽ አንድ ቀን እንኳ ሳናወራ ነው የሄድሽው። አንቺ እኔን ስትጠብቂ፣ እኔ አንቺን ስጠብቅ፣ ያ ሁሉ ምሽት በወፍ ተረት አለቀ። ፈርተሽ እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ሕመምሽ ሲነሣ እኔ ስለ ላባ አወራ ነበር። ፈሪው እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ደግሞ ፍርሃቴን አይተሽ ሸፈንሽልኝ። በሞትሽ አፋፍ ላይ እንኳ እኔን ስታስታምሚ ነበር።

ይቅርታ ሳልልሽ ቀረሁ። አሁን እላለሁ፤ ይቅር በዪኝ። በመቁረጤ ብቻ አይደለም። ለዐሥራ አንድ ዓመት «መጣሁ» እያልኩሽ ሳልመጣ ስለቀረሁ ይቅር በዪኝ።

ቁጥቋጦው በሕይወት እስካለሁ አይነካም፤ ሰላምም ቃል ገብታልኛለች። አንቺንም አልረሳሽም። ስምሽን ለቄስ ሰጥቶ ማስታወስ አይበቃኝም፤ በየማለዳው ወጥቼ በአንቺ ፈንታ አያለሁ፤ ያየሁትን ብቻ እነግርሻለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርልሽም።

ዛሬ ጠዋት ዝናብ ነበር። ከንጋት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ኮቴን ደርቤ ጓሮ ተቀመጥኩ። ቁጥቋጦው ውስጥ ጎጆ የለም፤ ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ። ምንም አልመጣም፣ የሺ።

ባልሽ ታደሰ